ለሽንሌ ልጅ የትኛው መጽሐፍ ይሰጠው?

ለልጅ መጽሐፍ መርጦ መስጠት ከሂስ ተግባሮች ሁሉ ቀላሉ መስሎ ይታያል። መራጩ ከመደርደሪያው አንዱን ያነሣል፤ ልጁ ይቀበላል፤ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ይሁን እንጂ ሐያሲ ስለ አንድ ልብ ወለድ ፍርዱን ቢያጣምም ዐዋቂው አንባቢ መጽሐፉን ራሱ አንብቦ ይሞግተዋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን አይሞግትም። መጽሐፉን መልሶ ይሄዳል፤ ዳግመኛም ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ለሆናቸው አንባቢዎች የሚደረግ ምርጫ መመዘኛው ሊመረመር ይገባል። ጥያቄው ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን፣ በቀድሞው የጅቡቲ ባቡር መሥመር ላይ በምትገኘው በሽንሌ ሲነሣ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

በሽንሌና በዙሪያዋ የሚያድግ ልጅ ወደ መጻሕፍቱ የሚቀርበው ጆሮው ሞልቶ ነው። የሶማሌ ሕዝብ ግጥምን ለሙግትም፣ ለእርቅም፣ ለግመል እረኝነትም የሚገለገልበት ሕዝብ ነው። የኢሳ ማኅበረሰብ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ያቆየው «ሄር ኢሴ» የተሰኘው ባህላዊ ሕግ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ይህ ሕግ በሚነገርበት አካባቢ የሚያድግ ልጅ ንግግር ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ማታ ማታም ደግዴር የተባለችውን ሰው በላ ሴት ታሪክ እየሰማ ያድጋል፤ ስሟ ራሱ «ባለ ረዥም ጆሮ» ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አድማጭ «ማንበብ የማይወድ» ብሎ መፈረጅ መራጩን እንጂ ልጁን አያስገምትም።

ለዚህ ዕድሜ የሚስማማ ጽሑፍ ምን መምሰል እንዳለበት ለማየት ከጅግጅጋ ጋር ስሙ የተቆራኘውን የገራድ ዊል ዋልን ተረት መመርመር ይበቃል። ገዥው የሀገሩን ወንዶች ሰብስቦ ሰዎችን ሊያጣላም ሊያስታርቅም የሚችለውን የበግ ብልት ይዘው እንዲመጡ ያዝዛል። ባለጠጎቹ የሰባውንና የጣፈጠውን ያቀርባሉ። የአንድ ድኻ ልጅ የሆነች ብላቴና ግን አባቷ ጉሮሮውን እንዲወስድ ትመክረዋለች። አባትየው እያፈረ ይወስዳል፤ ገዥውም ትክክለኛው መልስ እርሱ መሆኑን ይመሰክራል። ሰው ለጉሮሮው ሲስገበገብ ይጣላልና፤ ሲያካፍልም ይፋቀራልና።

የዚህ ተረት ጥበብ የት ላይ ነው? መልሱን ከማቅረቡ በፊት እንቆቅልሹን በአድማጩ እጅ ላይ ያኖራል። አድማጩ ከባለጠጎቹ ጋር ይሳሳታል፤ ከአባትየው ጋር ያፍራል፤ በመጨረሻም ከብላቴናይቱ ጋር ያሸንፋል። ትምህርቱ በሥራው ውስጥ ስለ ተሰወረ ልጁ ራሱ ያገኘው ያህል ይሰማዋል። ከልጅነት ወደ ጕርምስና የሚሻገር አንባቢ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ምክር ጠግቧል፤ የሚመራመርበት ነገር ግን ይርበዋል።

እንግዲህ ይህ ሀብት በመጽሐፍ መልክ የት ይገኛል? የዊል ዋል ተረት እ.ኤ.አ. በ2007 በሥዕል ተውቦ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ተጽፎ የታተመው በአሜሪካ በሚኒሶታ ነው። ኤልሳቤጥ ሌርድ የተባለችው የብሪታንያ ደራሲም ጅግጅጋ ድረስ መጥታ ከተረት ነጋሪዎች አፍ የሰማቻቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝኛ አሳትማለች፤ የመጽሐፉ ንኡስ ርእስ ግን ተረቶቹን የሶማሊያ ያደርጋቸዋል። የሁለቱም ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ተረቱ ከጅግጅጋ ተነሥቶ ባሕር ሲሻገር፣ ለነጋሪው ልጅ የሚመለሰው በውጭ ቋንቋ ወይም በውድ ዋጋ ከሆነ በመካከል የጎደለ ሥራ አለ ማለት ነው። ያ የጎደለው ሥራ የሀገር ውስጥ አሳታሚዎችና የባህል ተቋማት ድርሻ ነው።

የአማርኛው መደርደሪያም ከነቀፋ አያመልጥም። የደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» በ1948 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ትውልድ ሁሉ በቃሉ የያዘው ነው። ሁለቱም ለታናናሾቹ ዛሬም መልካም በር ናቸው፤ ሆኖም የከበደ ሚካኤል ምሳሌዎች ምክራቸውን በግልጽ ስለሚናገሩ የአሥራ አራት ዓመቱ አንባቢ የተዘጋጀ ስብከት እንደ ቀረበለት ሊቆጥራቸው ይችላል። ከእነርሱ ተነሥቶ በ1958 ዓ.ም. ወደ ታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» መዝለል ደግሞ ያለ ድልድይ ወንዝ እንደ መሻገር ነው። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚማር የሽንሌ ተማሪ ይህን ዳጎስ ያለ ልብ ወለድ አስጨብጦ መላክ መጽሐፉንም ልጁንም መበደል ነው። መምህሩ የጉዱ ካሳን ክርክር መርጦ ጮክ ብሎ ቢያነብለት ግን፣ በሙግት ባህል ያደገ ልጅ ነገሩን ከቶ አይስተውም።

የፊደሉ ጉዳይም አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተገለገለባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሶማልኛ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ትምህርት ቤቶች ሶማልኛ የሚነበበው በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር አባት በአንዱ፣ ልጅ በሌላው ፊደል የሚያነብበት ቤት ይኖራል። እንዲህ ባለው ቤት ከሁሉ የሚበልጠው መጽሐፍ ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ አባቱ ሊያርመው፣ ሊጨምርበትና ሊከራከረው የሚችለው ነው። ለታላላቆቹም በላቲን ፊደል በታተመ ሶማልኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፋራህ አውል ሥራ አለ። ርእሱ «አለማወቅ የፍቅር ጠላት ነው» እንደ ማለት ነው። ፊደል አለመቍጠር በሁለት ወጣቶች ፍቅር ላይ ያደረሰውን ጥፋት የሚያሳይ በመሆኑ ስለ ማንበብ ጥቅም ከሚደረግ ዲስኩር ሁሉ ይልቅ ይናገራል።

መጽሐፉ ቢገኝስ ልጁ ይገኛል ወይ? የአርብቶ አደር ልጅ ዝናብንና ግጦሽን ተከትሎ ይሄዳል። በኬንያ ጋሪሳ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ግመሎች መጻሕፍት ተጭነው ወደ ሶማሌ አርብቶ አደሮች መንደር ተጉዘዋል፤ በሀገራችንም በሐዋሳ አህያ የሚስበው የልጆች ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ጀምሯል። ግመል በሞላበት በሽንሌ ዙሪያ ይህ አሠራር ሊሞከር የሚገባው ነው። በግመል ጀርባ የሚሄደው ሣጥን ግን ትንሽ ነው፤ የሚይዘውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ምርጫው የባሰውን ጥብቅ መሆን ይኖርበታል።

መጽሐፍ የሚመርጥ መምህርም ሆነ የባህል ሠራተኛ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። መጽሐፉ ልጁ በሚያነበው ፊደል ተጽፏልን? ጮክ ተብሎ ሲነበብ ለጆሮ ይጥማልን? ደራሲው ከመፍረዱ በፊት ለልጁ የመፍረድ ዕድል ይሰጠዋልን? እነዚህን የሚያሟላ መጽሐፍ ሲጠፋ ጥፋቱን በአንባቢው ላይ መጣል አይገባም። ደራስያንና ሠዓልያን ወደ ተረት ነጋሪዎቹ ሄደው ያዳምጡ፤ የሰሙትንም በሶማልኛና በአማርኛ ጎን ለጎን፣ ልጅ ሊገዛው በሚችል ዋጋ ያሳትሙ። ለጉሮሮው እንቆቅልሽ መልስ የሰጠችው ብላቴና ታሪኳን በሀገሯ፣ በገዛ ቋንቋዋ ታትሞ ማግኘት ይገባታል።