ለአባላቱ ምን ልበል?

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ንግድ የተሻገርኩ ሰው ነኝ። ድሮ ከሚሴ ላይ የባለጉዳይ አቤቱታ ስሰማ እውል ነበር፤ ዛሬ ከጨፋ ሮቢትና ከአካባቢው ማሾ እየገዛ ለላኪዎች የሚያቀርብ ድርጅት እመራለሁ። ወጣት ሥራ አስኪያጆች አመራር የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ የአንድ ኮሌጅ ስም የሚጠብቁ ይመስለኛል። እኔ ግን የማነሣላቸው ጨፋን ነው።

በጋ ሲጠና አፋሩም፣ አርጎባውም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ከብቱን እየነዳ የቦርከና ወንዝ ወደሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ ይወርዳል። እዚያ ሜዳ ላይ አንዱ ሌላውን አያዝም። ጠብ ሲነሣ የሚቀመጡት አባጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች የሚቆርጡት ደመወዝ፣ የሚያባርሩት ሠራተኛ የላቸውም፤ ያላቸው መታመን ብቻ ነው። ዱዓ ይደረጋል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ባለጉዳዩም ሳይቋረጥ ይናገራል። (የእኛን የሰኞ ጠዋት ስብሰባ የሚመሩ ሰዎች ይህችን ብቻ ቢያዩ ይበቃኝ ነበር።) እኔን ይበልጥ የገረመኝ ከጉባኤው በፊት የሚሠራው ሥራ ነው። ሽማግሌዎቹ የሁለቱንም ወገን ዘመዶች ለየብቻ ያነጋግራሉ፤ ሰው በተሰበሰበበት የሚነገረው ቃል አብዛኛው አስቀድሞ ያለቀ ነው።

አንድ ዓመት የማሾ ዋጋ በድንገት ወጣና አንድ የገበሬዎች ማኅበር ለእኛ ከተዋዋለው ምርት ከፊሉን ለሌላ ነጋዴ ሸጠው። ጠበቃችን ክሱን ጽፎ መጣ። ብንከስ እንረታ ነበር። ቢሆንም መጀመሪያ ሊቀመንበሩን ላነጋግር ሄድኩ፤ ሸምገል ያሉ ሼህ ናቸው።

«ሼህ፣ ውላችን እኮ እንዲህ አይልም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የፈረምኩትን አውቀዋለሁ። ጎረቤቱ በውድ ሲሸጥ እያየ ለተቀመጠው አባል ግን ምን ልበል?»

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለዚህች ጥያቄ ብቻ ነው። የቀረውን ማሾ በውሉ ዋጋ ሊያስረክቡን፣ ጆንያውንና ጭነቱን እኛ ልንችል ተስማማን። ሼሁ አባላቱን «የጭነቱን ወጪ ከጫንቃችሁ አወረድኩላችሁ» አሏቸው፤ እኔም ለቦርዱ «የውሉ ዋጋ አልተነካም» አልኩ። ሁለታችንም አልዋሸንም። በቀጣዩ መኸር ያንኑ ማኅበር ፈልገን ሄድን፤ ተካሰን ቢሆን በየትኛው ፊታችን?

ይህንኑ ብልሃት በትልቁ የሠሩት ከተማ ይፍሩ ናቸው። ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች በ1953 ዓ.ም. ካዛብላንካና ሞንሮቪያ በሚባሉ ቡድኖች ተከፍለው ነበር። ጋና፣ ጊኒ፣ ግብፅና ሞሮኮ ያሉበት ካዛብላንካ አንድነቱ ፈጥኖ ይምጣ ሲል፣ ናይጄሪያና ላይቤሪያ ያሉበት ሞንሮቪያ የየአገሩ ሉዓላዊነት ይቅደም ይል ነበር። ከተማ የኢትዮጵያን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እየመሩ በሁለቱ መካከል ተመላለሱ፤ ከካዛብላንካ ወገን የጊኒው ሴኩ ቱሬ ሁለቱን ቡድኖች የማቀራረቡን ሐሳብ መደገፋቸው መንገዱን ከፈተ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ያነበበ ሰው የሁለቱንም እጅ ያገኝበታል፤ ሉዓላዊነትና በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት አለበት፣ ቅኝ ግዛትን ማጥፋትና ከኃያላኑ ጎራ ገለልተኛ መሆንም አለበት። የጋናው ንክሩማ የፈለጉት የአፍሪካ መንግሥት አልተመሠረተም፤ እሳቸውም ግን ፈርመዋል። ለእኔ የዚያ ሥራ ልኩ እዚህ ላይ ነው፤ ያልረታው ሰው ፈርሞ ወደ አገሩ ሲገባ አንገቱን አልደፋም።

ሁሉን ከዲፕሎማት እንቅዳ አልልም። እነሱ አንድን ዓረፍተ ነገር ሳምንት ሊያሹት ይችላሉ፤ እኛን የባንክ ወለድ ይቆጥርብናል። ደግሞ አሸዋ ቀላቅሎ የሚያስረክብ ነጋዴ ሽምግልና አይገባውም፤ እሱን ለጠበቃው እተዋለሁ። ትዕግሥቴን የማወጣው በሚቀጥለው ዓመትም ለማገኘው ሰው ነው፤ ለአቅራቢው፣ ለመጋዘን አከራዩ፣ ለቀበሌ ሹሙ፣ ከሁሉም በላይ ከእኔ ጋር ለማይስማማው የክፍል ኃላፊ።

አሁን የግዢ ሠራተኞቼ ለድርድር ሲወጡ ዋጋውን ከጻፉበት ወረቀት ሥር አንድ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ሰውየው ማታ ቤቱ ገብቶ ምን ብሎ ያወራል? ያቺ ቦታ ባዶ ከሆነች የነዳጅ መጠየቂያውን አልፈርምም። መጀመሪያ አካባቢ አጉረመረሙ፤ ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ለደመወዝ ጭማሪ ሲመጣ እኔ ለቦርዱ የምናገረውን ጽፎ ይዞልኝ መጣ።