ስለ ተደራጊ ባለታሪክ

የአንድ ድርሰት ዋና ባለታሪክ ራሱ ተነሥቶ ነገሩን የሚያንቀሳቅስ መሆን አለበት የሚለው አሳብ በብዙ ጸሐፊዎች ዘንድ እንደ ሕግ ይቆጠራል። እኛ ግን ይህ ሕግ ያገራችንን ተረት ወደ አኒሜሽን ፊልም ለሚለውጥ ሰው ሁልጊዜ እንደማያገለግል፣ እዚህ አዳማ ዕለት ዕለት የምናየውን አህያ ምስክር አድርገን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ተረቱ የታወቀ ነው። ዝናም በጠፋ ጊዜ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው መዓቱ የመጣው በአንዳቸው ኃጢአት ነውና ይናዘዙ ዘንድ ተስማሙ። ሦስቱ የሰው ከብት መብላታቸውን ሲናገሩ፣ ይህ ኃጢአት አይደለም ተባለላቸው። አህያው ግን ጌታው ቆሞ ሲጫወት ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መንጨቱን ቢናገር፣ የመዓቱ ምክንያት ተገኘ ተብሎ ተበላ። ፈረንሳዊው ላ ፎንቴንም ይህን የመሰለ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1678 በግጥም አሳትሟል።

እንግዲህ አህያው ተጠየቀ፣ መለሰ፣ ተበላ፤ በሰዋስው ቋንቋ ተደራጊ እንጂ አድራጊ አይደለም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ብሎ በፍጻሜው አንበሳውን በርግጫ እንዲጥል የሚያደርግ ደራሲ ይሳሳታል። የተረቱ ፍሬ የፈራጆቹ ግፍ ስለ ሆነ፣ አህያው ካሸነፈ ፈራጆቹ ከወቀሳ ያመልጣሉ።

ታዲያ ተመልካቹን የሚይዘው ምንድን ነው? የበላይና የበታች ግንኙነት ነው። የቲያትር መምህሩ ኪት ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው መጽሐፍ የሰው ደረጃ በሹመቱ ብቻ ሳይሆን በአኳኋኑ እንደሚገለጥ አስተምሯል። ስለዚህ አንበሳው እንደ ተጋደመ ይናዘዝ፤ ጅቡ ከመሳቁ አስቀድሞ የአንበሳውን ፊት ይመልከት፤ ለአንበሳው ጎንበስ ያለው አንገቱ ወደ አህያው ሲዞር ቀጥ ይበል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለው ምሳሌ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አህያው ጆሮውን ብቻ ቢያንቀሳቅስ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው የዲዝኒ ዳምቦም አንድ ቃል ሳይናገር ፊልሙን እስከ መጨረሻው ይዞ ዘልቋል። ይሁን እንጂ አህያው ፈጽሞ ባዶ አይሁን፤ ሣሩን መመኘቱ ይታይ፤ መዋሸት ሲችል እውነቱን መናገሩም የሱ ብቸኛ ሥራ መሆኑ ይታወቅ።

ሠዓሊው አብነት ቢፈልግ ከሞጆ እስከ መቂና ባቱ ያለውን መንገድ ይመልከት። ውኃ የጫነው አህያ ለጭነት መኪናው፣ ለባጃጁና ለጋሪው ፈረስ በየተራ ሲያሳልፍ የደረጃን ትምህርት ሁሉ ያገኛል።

ተደራጊ ባለታሪክ ኃይሉ በሌሎች ላይ በሚያመጣው ለውጥ ነው። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ ሕዝቡ ከባህላችን ጋር አይስማማም ብሎ ስለ ተቃወመው በዚያው ዓመት ተዘጋ። አህያው አልተናገረም፤ ያዩት ሰዎች ግን ተናገሩ። ፊልሙን ያየ ሕፃንም ለአህያው አዝኖ ብቻ እንዳይቀር፣ «ፈራጆቹን ማን ሾማቸው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ደራሲው ሥራውን ፈጽሟል እንላለን።