ጄል ማስለቀቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው

የጥፍር ባለሙያን ችሎታ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ስትቀባ ሳይሆን ስታስለቅቅ ይያት። መቀባት እጅ ከለመደው በኋላ ያምራል፤ ደንበኛዋም እጇን ፎቶ አንስታ ለጓደኞቿ ትልካለች፣ እነሱም «የት ነው የተሠራሽው?» ይሏታል። ማን እንዳስለቀቀላት ግን የሚጠይቅ የለም። በብዙ ሳሎኖቻችን ይህ የጀማሪ ሥራ ነው። «አንቺ አስለቅቂላት፣ እኔ መጥቼ እቀባታለሁ» ትላለች አንጋፋዋ። ይህ የሥራ ክፍፍል መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ጥፍር በአብዛኛው የሚጎዳው ጄሉ ሲነሳ ነው እንጂ ሲቀባ አይደለም። «ጄል ጥፍሬን ጨረሰው» ብላ የመጣች ደንበኛን ጥፍር አገላብጬ ሳየው የማገኘው የሞረድና የብረት ምልክት ነው።

እናቶቻችን በዚህ ጉዳይ ሊመክሩን አይችሉም። እንሶስላ የሞቀች ሴት ቀለሙን ለማስለቀቅ የምትደክምበት ምክንያት አልነበራትም፤ ከቆዳዋ ላይ እየደበዘዘ፣ ከጥፍሯ ላይም ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ እየተቆረጠ ይሄዳል። ኋላ የመጣው ኩቴክስም አሴቶን በነካ ጥጥ ጠረግ ሲያደርጉት ይለቃል። ጄል ቀለም ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ሲኤንዲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ አንዳንድ ደንበኞች እስከ ዛሬ ለማንኛውም ጄል መጠሪያ ያደረጉትን «ሼላክ» ለገበያ ያቀረበው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። የቀባነውን መልሰን የማንሳቱን ነገር ከማንም አልወረስነውም፤ ብዙዎቻችን የተማርነው ከጎናችን የተቀመጠችውን እያየን ነው። እሷም የተማረችው እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ጄሉ ምን እንደሆነ ከማወቅ መጀመር ይሻላል። ኖርማሉ ቀለም የሚደርቀው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተንኖ ሲያልቅ ነው፤ አሴቶን ሲያገኘው መልሶ ይሟሟል። ጄል እንዲህ አይደለም። የላምፑ ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው መረብ ይሠራሉ፤ ይህን መረብ አሴቶን አያሟሟውም። በመረቡ ቀዳዳዎች ሰርጎ ይገባና ያሳብጠዋል፣ ከጥፍሩ ጋር ያለውንም ትስስር ያላላዋል። ውሃ ውስጥ ያደረ ባቄላ ገለፈቱን እንደሚለቀው ማለት ነው፤ ያልራሰውን ባቄላ ልላጥህ ያሉት እንደሆነ ግን ፍሬውም አብሮ ይቦጨቃል። ይህን የተረዳች ባለሙያ ጥጥ ይዛ አትፈትግም። ትጠብቃለች።

ከሁሉ በፊት ግን «የት ተሠራሽ? ምን ነበር የተቀባልሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጄል የሚባለው ሁሉ በአሴቶን አይለቅም። ለማጠንከሪያና ለማስረዘሚያ ከሚውሉት ቢልደር ጄሎች ውስጥ ፈጽሞ የማይላቀቁ አሉ፤ አክሪሊክ ደግሞ ይላቀቃል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል። የማይለቀውን ሰዓት ሙሉ በፎይል ጠቅልሎ መጠበቅ ቆዳን ማድረቅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው በሞረድ እየሳሳ ነው የሚወርደው፤ ከታች ስስ ሽፋን ሲቀር ይቆማል፣ የቀረው ከጥፍሩ ጋር እያደገ ይቆረጣል። ደንበኛዋ የተቀባላትን ካላወቀች በአንዲት ትንሽ ጣት ላይ ሞክሬ አያለሁ።

የሚላቀቀው ጄል ከሆነ መጀመሪያ የላይኛውን ቶፕ በሞረድ እሰብራለሁ። አሴቶን እንዳይገባ የሚያግደው እሱ ነው። ጥፍሩ ማብረቅረቁን ትቶ ሲደበዝዝ ይበቃል። ቀለሙ ሳስቶ የጥፍሩ መልክ መታየት ከጀመረ ሞረዱን ማስቀመጥ ነው። በጥፍሩ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ቫዝሊን እቀባለሁ። ጥጡን በጥፍሩ ልክ እቆርጠዋለሁ፤ ትልቅ ጥጥ አሴቶኑን ወደ ጣት ያንጠባጥባል፣ ቆዳውን ያነጣዋል፣ ደንበኛዋንም ያበርዳታል። ከዚያ ፎይሉን ጠበቅ አድርጌ እጠቀልላለሁ፤ አየር የሚያስገባ ጥቅልል አሴቶኑን ያስተንነዋል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ እጅ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፤ ያኔ የተጠቀለለውን እጅ በሞቀ ፎጣ እሸፍነዋለሁ።

ፎይሉን ስከፍት የማየው ነገር ውሳኔውን ይሰጠኛል። የደረሰ ጄል ተሸብሽቦ፣ በየቦታው ተሰነጣጥቆ፣ ከሥሩ በኩል ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። የእንጨቷን መግፊያ አጋድሜ ከሥሩ ወደ ጫፉ ስገፋው ያለ ድምፅ ተንሸራቶ ይወርዳል። እንጨቷ «ጭር» የሚል ድምፅ ካሰማች፣ ወይም ደንበኛዋ ጣቷን ሰብሰብ ካደረገች፣ አልደረሰም ማለት ነው። አዲስ ጥጥ፣ አዲስ አሴቶን፣ እንደገና መጠቅለል፣ ሌላ 5 ደቂቃ። ሥራው የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው። ተረኛዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያለች፣ የሳሎኑ ባለቤት «አልጨረስሽም?» ትላለች፣ እጅ የብረቱን መግፊያ ያነሳል። ብረቱ ጄሉን ብቻ ይዞ አይመጣም። ጥፍር ተደራርበው የተጣበቁ ስስ ሽፋኖች ነው፤ ያልላላ ጄል በጉልበት ሲነሳ የላይኞቹን ሽፋኖች ይዞ ይነሳል። በኋላ የምናያቸው ነጫጭ ሻካራ ቦታዎች እነሱ ናቸው።

የእጅ ጥፍር ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በወር የሚያድገውም 3 ሚሊሜትር ያህል። ዛሬ ከሥሩ አካባቢ የተቦጨቀ ጥፍር እስኪቆረጥ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። ቅባትም ሆነ ማጠንከሪያ የተነሳውን ሽፋን አይመልሰውም፤ ቅባት ድርቀቱን ይቀንሳል እንጂ። ለአንዲት ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባን ትኩስ ወጥ በእንጀራ ጠቅለል አድርጋ ስታነሳ ጣቷን ቶሎ ስትሰበስብ ስናይ ነው። የሳሳ ጥፍር ሙቀት ያሳልፋል፣ በርበሬም ይሰማዋል። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ መብላት ማለት ነው፤ እኛ ያተረፍነው 5 ደቂቃ ነው። ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው የተነሳውን ጠርዝ በጥርስና በጥፍር የሚልጡ ደንበኞችም በራሳቸው ላይ ያንኑ ያደርጋሉ።

እግር ላይ ነገሩ ይከብዳል። የአውራ ጣቱ ጥፍር ወፍራም ነው፣ ጄሉም ላዩ ላይ ብዙ ቆይቶ ነው የሚመጣው። የእግር ጥፍር ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ከሥር የሚታየው ክፍተት ትንሽ ነው፤ «ገና ያምራል» እየተባለ ሁለትና ሦስት ወር ይከርማል። አንዴ የተጎዳ የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመቀየር ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይወስድበታል። ስለዚህ በርጩማዬን ዝቅ አድርጌ ተቀምጬ ከእጅ የበለጠ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ተረከዟ የተሰነጠቀ ወይም በጣቶቿ መካከል ቁስል ያለባት ከሆነች አሴቶኑ እዚያ እንዳይደርስ እጠነቀቃለሁ። እድሜያቸው ገፋ ያሉትን ሁልጊዜ «እትዬ፣ ስኳር አለብዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ስኳር እግር ላይ ስሜት ያደነዝዛል፤ ሲቆረጡም ሲቃጠሉም ላይሰማቸው ይችላል፣ ትንሿ ቁስልም ለመዳን ትዘገያለች። ለእሳቸው ሞረዱንም መግፊያውንም በጣም አለዝባለሁ።

ጄሉ ሲነሳ ከሥሩ የሚታየውን አይቶ መናገርም የእኛ ድርሻ ነው። ያ ጥፍር ለወራት ተሸፍኖ ኖሯል፤ ከደንበኛዋ ከራሷ በፊት የምናየው እኛ ነን። ቢጫ ሆኖ የወፈረና የሚፈረፈር ጥፍር ፈንገስ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ቀለም ከታየ፣ በተነሳው ጄል ሥር እርጥበት ገብቶ ባክቴሪያ አድጎበት ይሆናል። እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር መታየቱ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውም ጉዳት የለውም። በአንድ ጣት ላይ ብቻ አዲስ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ መስመር ግን ሐኪም ማየት አለበት። ቦብ ማርሊን በ1981 እ.ኤ.አ. የገደለው የቆዳ ካንሰር የተገኘው በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የበሽታ ስም አልሰጥም። «ይሄንን የቆዳ ሐኪም ይየው፣ እስከዚያ አንቀባውም» እላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀ አለርት ሆስፒታል አለ። ሸፍኖ መቀባት ግን ገንዘብ ቢያስገኝም ነውር ነው።

ለማስለቀቅ ብቻ የሚመጡ ደንበኞች አሉ፤ ለእነሱ ልዩ አክብሮት አለኝ። ረመዳን ሲቃረብ ሙስሊም እህቶቻችን ይመጣሉ፤ ለውዱእ ውሃው ጥፍሩን መንካት አለበት። ኦፕራሲዮን ቀጠሮ የያዙም ይመጣሉ፤ ጣት ላይ ተሰክቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ በብርሃን ስለሚሠራ ቀለሙ ሊያሳስተው ይችላል። የመውለጃዋ ቀን የደረሰ ነፍሰ ጡር ስትመጣ መስኮቱን በሰፊው ከፍቼ፣ እግሯን ከፍ አድርጌ እሠራላታለሁ።

ስለ አሴቶኑ ራሱ ዝም ማለት አልችልም። መርካቶ ስንገዛው ብዙ ጊዜ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ነው የሚሰጠን፤ መልኩ ውሃ ነው፣ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ልጅ አይጠፋም። ጽሑፍ ለጥፋችሁበት ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጡት። ከዚህ የባሰው ከሰሉ ነው። ቡና የማይፈላበት ሳሎን ጥቂት ነው። የአሴቶን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ እሳት ለመያዝም ሙቀት አይፈልግም፣ በብርድም ይቀጣጠላል። በፎይል የተጠቀለሉ አሥር ጣቶች ካሉበት ወንበር አጠገብ ምድጃ መቀመጥ የለበትም። ዕጣኑም እንዲሁ። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ።

ጄሉ ላይም ዓይናችንን እንክፈት። የአውሮፓ ኅብረት ብዙ ጄሎች በላምፕ እንዲጠነክሩ የሚያደርገውን ቲፒኦ የተባለ ንጥረ ነገር ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመዋቢያዎች ውስጥ ከልክሎታል። የምንገዛው ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሥራችን አካል ነው። ካስለቀቀች በኋላ በጥፍሯ ዙሪያ የሚያሳክካትና የሚያብጥባት ደንበኛም አለርጂ ይዟት ይሆናል፤ «ሌላ ቀለም እንሞክር» ሳይሆን «ለጊዜው ይቅርብሽ፣ ሐኪም ይይሽ» ነው ሊባል የሚገባው።

የጥድፊያው ሥር ያለው ክፍያው ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው በፐርሰንት ነው፤ እዚያው ለሚቀባ ደንበኛ ማስለቀቁ በነፃ ነው ወይም ለስሙ ትንሽ ይጨመርበታል። ያልተከፈለበት ግማሽ ሰዓት ላይ ማንም አይታገስም። የሳሎን ባለቤቶች፣ ማስለቀቅን በዋጋ ዝርዝራችሁ ላይ ለብቻው ጻፉት፤ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ዋጋ ይኑረው፣ ሠራተኛዋም ፐርሰንቷን ታግኝበት። እህቴ ደንበኛችን፣ አንቺም ለማስለቀቅ ስትመጪ ለእጅሽ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያዢ፣ እግርሽም ካለ ጨምሪበት። ብረት ይዛ መፋቅ የጀመረችውን «ተዪው፣ እንደገና ጠቅልይልኝ» በያት፤ መብትሽ ነው። ጊዜ ከሌለሽ ጄሉ ጥፍርሽ ላይ ይቆይ፣ ጊዜ ሲኖርሽ ነይ።