ድግስ ያላሰረው ኑሮ

በእስቴም ሆነ በጋይንት የገበሬውን በሬ ከበረት የሚያስወጣው ድርቅ ብቻ አይደለም። ሠርግና ተዝካርም ያስሸጡታል። የጎደለው በአራጣ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ሰው የሚያርሰው ለአበዳሪው ነው።

የእስቴው ተወላጅ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ የመሠረቱትን የአውራ አምባን ማኅበረሰብ ከሁሉ በፊት የማደንቀው በዚህ ነው፦ እዚያ ሠርግ ጥሪት አያስጨርስም፤ ሐዘንም ሥራ አያስፈታም። ስለ ማኅበረሰቡ እምነት ብዙ ይባላል። እኔን የሚገርመኝ ግን የሽመና ቤታቸው ነው። መሬታቸው ጠባብ በመሆኑ ሞፈርና ቀንበር ብቻውን አያኖራቸውም፤ እናም መወርወሪያ ጨበጡ፣ ወፍጮ ተከሉ። ሴቷ ታርሳለች፤ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል። ሥራ የወንድና የሴት ተብሎ ስላልተከፈለ ማንም ሰው እንጀራውን ለማግኘት የሌላውን እጅ አያይም። የኅብረት ሥራ ማኅበራቸው አባላት የዓመቱን ትርፍ እኩል ይካፈላሉ። ከሳምንቱ አንዱን ቀን ደግሞ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ይሠራሉ። ጧሪ አጣለሁ የሚለው ስጋት ከሰው ትከሻ ሲወርድ ምን ያህል እንደሚያቀል፣ የፈራ ሰው ያውቀዋል።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦርና ጋይንት የምትጓዙ፣ ከመንገዱ ጥቂት ወጣ በሉና እዩአቸው። ጋቢም ግዙ፤ የእጃቸው ሥራ ነው።