22 ላይ የሚቆም ቀስት

እንጅባራ ኤሲ እገጥማለሁ ስል የሚስቅብኝ ሰው አይጠፋም። ጋቢ ከትከሻ በማይወርድበት ከተማ ማቀዝቀዣ ለማን? ለሰው ብለን የምንገጥመው በአብዛኛው ወደ ቆላው፣ ወደ ጃዊ ስንወርድ ነው። እንጅባራና ዳንግላ ላይ ሥራ የሚሰጠን መሣሪያ ነው፤ የባንክ ሰርቨር ክፍል፣ የቴሌኮም ዕቃ ያለበት ክፍል፣ ላቦራቶሪ። ሰርቨር ክረምት ከበጋ አይለይም፤ ሌሊቱንም ሲሞቅ ያድራል።

የኤሲው የውስጥና የውጪ ክፍል ከፋብሪካ ተዘግተው ይመጣሉ። የእኛ እጅ የሚገባው ሁለቱን በሚያገናኘው የመዳብ ቱቦ ላይ ነው። ኤሲ ቶሎ ተበላሸ ሲሉኝም ከኮምፕሬሰሩ በፊት የምጠረጥረው ቱቦውን የዘረጋውን ሰው ነው።

እንጅባራ ወደ 2,560 ሜትር፣ ዳንግላ ወደ 2,140 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። እንጅባራ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን አይሞላም። ብዙው የሙያው መጽሐፍ ግን ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሠራተኛ የተጻፈ ነው። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ይሳባል፤ መጽሐፉም የጌጁ ቀስት ከዜሮ በታች ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ እስኪጠጋ ጠብቅ ይላል። እንጅባራ ላይ ቀስቱ 22 አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ዳንግላ ላይ 23።

«ጋሼ፣ ፓምፑ ደክሟል» ይለኛል አዲስ የመጣ ረዳት።

ፓምፑ ደህና ነው። ጌጁ የሚያሳየው በቱቦው ውስጥና በውጪው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የውጪው አየር ጠቅላላ ግፊቱ 22 ኢንች ከሆነ፣ ቱቦው ፍጹም ባዶ ቢሆንም ቀስቱ ከዚያ አያልፍም። ይህን ያልተረዳ ሰው ደህናውን ፓምፕ ይፈታል። የባሰው ግን 22 ላይ ቆመ ብሎ ጋዙን የሚለቀው ነው። ቱቦው 10 ዲግሪ በሆነበት የክረምት ጠዋት ውስጡ የቀረ ውሃ ፈልቶ የሚወጣው ግፊቱ ወደ 9,000 ማይክሮን ሲወርድ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ 500 ነው። በቀስቱ ሰሌዳ ላይ አንዷ ኢንች 25,400 ማይክሮን ስለሆነች ይህ ሁሉ ልዩነት ከግማሽ ኢንች ባነሰ ቦታ ውስጥ ይደበቃል፤ በዓይን አይለይም። ማይክሮን የሚያነበው ጌጅ ከፍጹም ባዶ ተነሥቶ ስለሚለካ ከፍታ አያታልለውም። 500 ሲደርስ ቫልቩን ዘግቼ እጠብቃለሁ። ትንሽ ወጥቶ ከረጋ እርጥበት ቀርቷል፤ መውጣቱን ካላቆመ ቱቦው ያፈስሳል።

በመሃል መብራት ከሄደስ? መሄዱ አይቀርም። መመለሻ ከልካይ የሌለው ፓምፕ ድንገት ሲቆም የራሱ ዘይት ወደ ቱቦው ሊሳብ ይችላል። ስለዚህ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ርቄ አልሄድም።

ድሮ አር 22 በሚባለው ጋዝ ጊዜ በኮምፕሬሰሩ ውስጥ የነበረው የማዕድን ዘይት ትንሽ ስህተት ይችል ነበር። ከአር 410ኤ ጋር የሚመጣው ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ከውሃ ጋር ሲሠነብትም አሲድ ይፈጥራል። በአዊ ዞን ክረምት ቱቦ አፉን ከፍቶ ማሳደር ስለዚህ የለም፤ ግድግዳ ስናሳልፈው እንኳ ጫፉን በቴፕ አፍነን ነው።

ስንበይድ ናይትሮጂን በቱቦው ውስጥ በዝግታ እናሳልፋለን። ያለ እሱ የጋለው መዳብ ውስጡን እንደ ጥቀርሻ ያለ ጥቁር ቅርፊት ያበጃል፤ ቅርፊቱም ተነቅሎ ከጋዙ ጋር ይዞርና ጠባቡን መተላለፊያ ይዘጋል። ባለቤቱን ለናይትሮጂን ክፈል ማለት ከባድ ነው። የማያየው ዕቃ ነው፤ እኔም ዋጋውን ከጠቅላላው ሒሳብ ውስጥ አስገብቼ ዝም ማለት ለምጃለሁ።

የፍሳሽ ሙከራውም በናይትሮጂን ነው፤ ቅዝቃዜው ግን እዚህም ይገባበታል። ከሰዓት በ22 ዲግሪ 30 ባር የሞላነው ቱቦ ጠዋት በ8 ዲግሪ ሲታይ 28 ተኩል ገደማ ያነብባል። ጠብታ አልፈሰሰም፤ ጋዙ በርዶ ግፊቱ ወርዷል። ጥሩውን ብየዳ ፈትቶ እንደገና ከመበየድ የሁለቱንም ሰዓት ሙቀት ጽፎ ማስላት ይቀላል።

ስለ ውጪው ክፍል ከመሐንዲሶች ጋር እንከራከራለን። ስስ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ተለቅ ያለ ኮንደንሰር ይሻላል ይላሉ፤ ለበጋ ቀትር ልክ ናቸው። ሰርቨሩ ግን ሌሊትም ይሠራል። የእንጅባራ ሌሊት ኮንደንሰሩን ከልክ በላይ ሲያቀዘቅዘው የጋዙ ግፊት ይወርዳል፣ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ፈሳሽ ያንሳል፣ የውስጡ ክፍል በረዶ ይይዛል። ማሽኑ በብርድ ምክንያት ማቀዝቀዝ ያቆማል ማለት ነው፤ ይህን ለባለቤቱ ማስረዳት ከናይትሮጂኑም ይብሳል። ለእኔ ከኮንደንሰሩ ትልቅነት ይልቅ የውጪውን ማራገቢያ ፍጥነት እንደ ግፊቱ የሚቀንስ መቆጣጠሪያ መኖሩ ይበልጣል። ዕቃው ሳይገዛ ብጠየቅ ይህንኑ እመክራለሁ። የሚደወልልኝ ግን ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ከመኪና ከተራገፈ በኋላ ነው።