አያ ጅቦ ቋንጣ ሲጠብቅ

የልጆች ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ሰው ሥራው ከሲትኮም የሚቀል ይመስለዋል። ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ የሚከብደው የልጆቹ ነው። አዋቂ ያልጣመውን ቀልድ በይሉኝታ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፤ ልጅ ግን ኳሱን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል።

ልጅን የሚያስቀው ከገጸ ባሕሪው ቀድሞ ማወቁ ነው። ለአሻንጉሊት ትርኢት ከጻፍኳቸው ትዕይንቶች አንዱን ላንሣ። አያ ጅቦ በእመት ጦጢት ቤት የቋንጣ ጠባቂ ሆኖ ተቀጥሯል። ገመድ ላይ የተሰጣው ቋንጣ እየጎደለ ይሄዳል። «ነፋስ ወስዶት ነው» ይላል፣ አንድ ቋንጣ በአፉ ጥግ ተንጠልጥሎ። እመት ጦጢት ወዲያው «አፍህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብትለው ነገሩ እዚያው ይሞታል። ስለዚህ አታየውም። ወደ ልጆቹ ዞራ «ነፋሱ በየት በኩል ሄደ?» ትላለች። ከዚህ ቀጥሎ ስክሪፕቱ ላይ ያለው «4 ሰከንድ ዝምታ» ነው።

ለዚህች ዝምታ ኤዲቲንግ ክፍል ድረስ ሄጄ እከራከራለሁ። ኤዲተሩ ባዶ ሰዓት ትመስለውና ሊቆርጣት ይፈልጋል። ባዶ አይደለችም፤ የልጁ ተራ ናት። «አፉ ላይ! አፉ ላይ!» ብሎ የሚጮኸው በእሷ ነው። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ቴሌቪዥናችን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ፣ ካሜራውን ፊታቸው እንደተቀመጠ ልጅ ነበር የሚያናግሩት። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣችው የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔም ከልጆቹ እኩል የምትጠይቅ፣ የማወቅ ጉጉት ያላት ልጅ ሆና ነው የተሠራችው።

የደጋፊ ድርጅቶች ሰዎች አያ ጅቦ በመጨረሻ ስለ ሐቀኝነት እንዲናገር ይፈልጋሉ። አልስማማም። «አፉ ላይ!» ያለው ልጅ እኮ ተናግሮታል።

አያ ጅቦ ደግሞ ውሸቱን ከልቡ ማመን አለበት። ድምፁን የሚጫወተው ተዋናይ ለማሳቅ የሞከረ ዕለት ሳቁ ይጠፋል። ነፋሱን ፍለጋ ራሱም አብሮ ይወጣል፤ ድስት ከፍቶ ያያል፣ ቁጥቋጦ ሥር ያጎነብሳል፣ ከዚያም «ጉድለቱን በቃለ ጉባኤ አስይዛለሁ» ይላል። ይህቺ ሶፋው ላይ ለተቀመጠው አባት ናት። በአብዛኛው ቤት ያለው ቴሌቪዥን አንድ ነው፤ አያትም እናትም ልጅም አብረው ያያሉ። ልጁ አባቱ ለምን እንደሳቀ ባይገባውም አብሮ ይስቃል፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

በሰው አነጋገር ዘዬ፣ በመንተባተብ፣ በአካል ጉዳት የሚያሾፍ ቀልድ ግን አልጽፍም፤ ለአዋቂም ቢሆን። ከስክሪኖቻችን ላይ ገና አልጠፋም፤ ያናድደኛል። ልጅ ማታ ያየውን በማግስቱ ትምህርት ቤት ይዞት ይሄዳል፤ የሚንተባተበው ልጅ ደግሞ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ዴስክ ላይ ነው ያለው። ከሌላ ጸሐፊ ስክሪፕት እንዲህ ያለው ሲመጣልኝ አወጣውና የገጸ ባሕሪውን ስግብግብነት ወይም ጉራ እተካበታለሁ። ያ ደግሞ ከየትኛውም ቤት አይታጣም።