ፎቅ ላይ ያለችው ትንሿ መድረክ

በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሳራቶጋ ስፕሪንግስ ከተማ፣ ፊላ ጎዳና ላይ ደረጃ የወጣ ሰው የሙዚቃ መድረክ ያላትን ካፌ ሊናን ያገኛል። ሊና ስፔንሰርና ባለቤቷ ቢል በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሲከፍቷት ሐሳባቸው ጥቂት ጊዜ ሠርተው፣ ገንዘብ አጠራቅመው አውሮፓ ለመሄድ ነበር። ትዳሩ ፈረሰ፤ ቢል ሄደ። ሊና ግን እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1989፣ ካፌዋን አልለቀቀችም።

በ1961 ስሙ ገና ያልታወቀው ቦብ ዲለን ጊታሩን ይዞ እዚህ ዘፍኗል። ዘፋኙ ዶን ማክሊንም ዝና ሳያገኝ በፊት ተጫውቶባታል።

ዛሬ ቤቷን የሚያስተዳድራት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። በ2016 ታደሰች፤ አዳራሿ ግን አሁንም የምትይዘው ከመቶ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ብቻ ነው። ጸጋዋም ይኸው ጥበቷ ነው፤ የባንጆው ክር ሲነካ፣ ዘፋኙ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ መጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል። አድማጩም ወሬውን ትቶ፣ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል።

በዚህች መድረክ ላይ በየሳምንቱ አንጋፋ የባህል ዘፋኞችና ወጣት ጊታር ተጫዋቾች ይፈራረቃሉ። ገና ለሚጀምሩትም ክፍት የመድረክ ምሽት ተለይቶላቸዋል፤ ማንም ተመዝግቦ፣ ያዘጋጀውን ዘፈን ይዞ መውጣት ይችላል።